ላቲኑ እየጮኸ ፊደሉ ለምን ያንሾካሽካል?

ከሚዛን ተፈሪ ተነስቶ በሸኮ በኩል ቴፒ የሚገባ መንገደኛ ከደኑና ከቡናው ቀጥሎ ሳያየው የማያልፈው ነገር ቢኖር ታፔላ ነው። የመሥሪያ ቤት ታፔላ፣ የፕሮጀክት ታፔላ፣ የሆቴል ታፔላ፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ታፔላ። ብዙዎቹ አማርኛና እንግሊዝኛ አጣምረው የያዙ ናቸው። እንግሊዝኛው ወፍራም ነው። ክቡ ክብ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ላይ ጌጥ የሌለው፣ ከሩቅ የሚጣራ ነው። አማርኛው ከበላዩ ወይም ከበታቹ ተቀምጧል፤ ቀጭን፣ የተጨመቀ፣ አንዳንዴም ቦታ እንዲሞላ ተብሎ እንደ ላስቲክ ወደ ጎን የተለጠጠ።

ያ አገር ዝናብ የሚበዛበት፣ ጠዋት ጠዋት ጉም መንገዱን የሚሸፍንበት አገር ነው። አይሱዙ ላይ የተቀመጠ ተሳፋሪ፣ ነፍሰ ጡር እህቱን ይዞ ጤና ጣቢያ የሚፈልግ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ወረዳው የተመደበ መምህር ታፔላውን የሚያየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። በዚያች ሰከንድ ዓይን የሚይዘው እንግሊዝኛውን ነው። ተሳፋሪው ግን እንግሊዝኛ አያነብም። የሚያነበው ጽሕፈት ደግሞ ጉሙ ውስጥ ቀርቷል።

ይህን የውበት ጉዳይ አድርጎ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው። «ታፔላ ታፔላ ነው፣ ምን ያጨቃጭቃል?» ይላል። ታፔላ ግን ለማን እንደቆመ በራሱ ይናገራል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሆኖ ሳለ እንግሊዝኛው በክርኑ ገፍቶ ፊት ከወጣ፣ ታፔላው የተጻፈው ለሚያልፈው ገበሬ ሳይሆን አንድ ቀን ሊመጣ ለሚችል እንግዳ ነው ማለት ነው። ፊት የወጣን ጆሮ በኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

▪️ ያ ወፍራም ላቲን ከየት መጣ?

ከሩቅ የሚጣራው ላቲን ሳይታሰብበት የበቀለ ነገር አይደለም። የጫፍ ጌጥ የሌለው የማተሚያ ፊደል እንግሊዝ ውስጥ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1816 ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1916፣ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ኤድዋርድ ጆንስተን የነደፈለትን ጥርት ያለ ፊደል ሥራ ላይ አዋለ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ በጣቢያው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የማስታወቂያ ጋጋታ መሃል ተሳፋሪው የወረደበትን ጣቢያ ስም ለይቶ እንዲያይ ነው። በ1927 ጀርመናዊው ፖል ሬነር ፉቱራ የተባለውን ፊደል አወጣ። ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና ቀጥ ያለ መስመር ብቻ የሚመስል፣ ጂኦሜትሪ የተላበሰ ፊደል። በ1969 የአፖሎ 11 ተጓዦች ጨረቃ ላይ ትተውት የመጡት ሰሌዳ የተጻፈው በዚሁ ፊደል ነው። ዛሬ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ባነር ላይ የሚታየው ወፍራም ላቲን የዚያ ዘር ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው።

አሁን ዋናው ምስጢር ይመጣል። የፉቱራ ክብ በኮምፓስ የተሠራ ይመስላል እንጂ አይደለም። ዓይን ይሳሳታል፤ አግዳሚ መስመር ከቋሚው ጋር እኩል ቢወፍር አግዳሚው ወፍሮ ይታያል። ስለዚህ ነዳፊው አግዳሚውን በጥቂቱ ያቀጥነዋል። ሁለት መስመር የሚገናኝበት ቦታ ጥቁረት ይጠራቀማል፤ ስለዚህ እዚያ ላይ መስመሩን ይሞርደዋል። ክብ ፊደል ከአራት ማዕዘን ጋር እኩል ቢቆም ያነሰ ይመስላል፤ ስለዚህ ከመስመሩ ትንሽ አሳልፎ ያቆመዋል። በወፍራሙ ዝርያ ላይ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እጥፍ ይሆናል። ደማቅ ፊደል የሚነደፈው ጥቁሩን በመጨመር ብቻ አይደለም፤ በፊደሉ ሆድ ውስጥ ያለውን ነጭ በማዳን ነው። ነጩ ከጠፋ ፊደሉ ጠፋ።

ይህ ጥንቃቄ ለላቲን መቶ ዓመት ሙሉ ተደርጎለታል። ለፊደል የተደረገለት ስንት ነው? ሙግቱ እዚህ ላይ ነው።

▪️ ለፊደል ድምቀት ቅንጦት አይደለም

ላቲን ቃልን አጉልቶ ለማሳየት ብዙ መሣሪያ አለው። ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው፤ ስሙን በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ሲፈልግ ሁሉንም በትልቁ ይጽፋል። አጋድሎ የመጻፍ ልማድም አለው። ፊደል ሁለቱም የሉትም። የሰው ስምም ሆነ የከተማ ስም ከተራው ቃል የሚለይበት ምልክት የለውም።

የብራና ጸሐፊዎች ይህን ጉድለት አውቀው መፍትሔ ነበራቸው፤ ቀይ ቀለም። አርእስቱን፣ የቅዱሳኑን ስም፣ የምዕራፉን መግቢያ በቀይ ይጽፉ ነበር። ማተሚያ ቤትና ኮምፒውተር ሲመጡ ቀዩ ቀለም ለአብዛኛው ሥራ ቀረ። በቦታው የገባው ድምቀት ነው፤ በዛሬው አነጋገር ቦልድ። እንግዲህ ለላቲን ድምቀት ከብዙ መሣሪያ አንዱ ነው። ለፊደል ግን ከመጠንና ከቀለም ሌላ የቀረለት መሣሪያ እሱ ነው። በትክክል የተነደፈ ደማቅ ፊደል የሌለው ጽሕፈት ድምፁን ከፍ ማድረግ የማይችል ሰው ማለት ነው። ሁልጊዜ ያንሾካሽካል።

▪️ ሐሰተኛው ድምቀት፣ ወይም ሸኮ እንዴት ሰኮ ይሆናል

ታዲያ ባነሩ ላይ ወፍራም አማርኛ አይታይም ወይ? ይታያል። አሠራሩን መመልከት ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ካቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ የተባለ ፊደል አብሮ መጣ። ኒያላ መልከ መልካም ፊደል ነው፤ በብዕር የተጻፈ ለዛ አለው። ነገር ግን የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ቃሉን መርጣ ኮንትሮልና ቢን ስትጫን ኮምፒውተሩ ያልተነደፈ ድምቀት ከየትም አያመጣም። የፊደሉን ጠርዝ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያሳብጠዋል። የነዳፊ ዓይን የለውም፤ የቱን ማቅጠን፣ የቱን መሞረድ እንዳለበት አያውቅም። ውጤቱ ድምቀት አይባልም፤ እብጠት ነው።

እብጠቱ የሚጎዳው ደግሞ የቱን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ፊደል ውስጥ ብዙ ድምፆች የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ምልክት ነው። ሸ ማለት ሰ ሆኖ አናቱ ላይ ምልክት የተጨመረበት ነው። ቸ ከተ፣ ኘ ከነ፣ ዠ ከዘ፣ ኸ ከከ የሚለዩት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ሣልሱና ኃምሱም በእግር ላይ በተጨመረ ሰረዝ ወይም ቀለበት ይለያሉ። የቲ እግር ወደ ጎን ይዘረጋል፣ የቴ እግር ቀለበት ይቋጥራል። የቢና የቤም እንዲሁ ነው።

አሁን የአካባቢውን ስሞች ወስዶ ማበጥ ነው። የሸኮ አናት ሲያብጥ ምልክቱ ከገላው ጋር ይጣበቃል፤ ከሃምሳ እርምጃ ላይ የሚታየው «ሰኮ» ነው። የቴፒ ቀለበት ሲደፈን የሚነበበው «ቲፒ» ነው። የቤንች ቀለበት ሲደፈን «ቢንች» ይሆናል፤ የች አናትም ከጠፋ «ቢንት»። ሦስት ስም፣ የሦስት ቦታና ሕዝብ ማንነት፣ በአንዲት ሰረዝና በሁለት ቀለበት ላይ ተንጠልጥሏል። ስሙን የሚያውቅ ነዋሪ ገምቶ ያነበዋል። ታፔላ ግን ለሚያውቅ ሰው አይቆምም።

የቦታ ስም ይቅርና በእርሻ መድኃኒት ጠርሙስ ላይ፣ በመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ላይ፣ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ እንዲህ ሲደፈን የሚያስከትለው ጣጣ የፊደል ጣጣ ብቻ አይሆንም። ማስጠንቀቂያ ሲነበብ ነው ማስጠንቀቂያ የሚሆነው።

▪️ «ይህ የፈረንጅ ፊደል ነው» ለሚሉት

በዚህ ክርክር ሁልጊዜ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። «ፊደል በመቃ ብዕር የተወለደ ነው፤ ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ሆኖ ነው ያማረው። እኩል ውፍረት ያለው፣ ክብና መስመር ብቻ የሆነ ፊደል የፈረንጅ ልብስ ነው። ለፊደል አይሆንም» ይላሉ።

ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። ብራናው ላይ ያለው ውበት እውነት ነው። ነገር ግን ፊደል ከብራናው በፊት ድንጋይ ላይ ነበር። አክሱም ላይ ያለውን የ4ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ ኢዛና ጽሑፍ ያየ ሰው መቃ ብዕር የነካው አንድም ነገር አያይም። በመሮ የተቆፈረ፣ ከሞላ ጎደል እኩል ውፍረት ያለው፣ ቀጥ ያለ መስመርና ጥምዝ ነው። የዚያ ድንጋይ ሥራ ምን ነበር? አደባባይ ላይ ቆሞ ለሚያልፈው ሁሉ መናገር። ታፔላ ማለት ይኸው ነው። ለድንጋይ መሮ፣ ለብራና መቃ፤ መሣሪያው ሲለወጥ መልኩ ተለውጧል፣ ፊደሉ ግን ፊደል እንደሆነ ቀርቷል።

ቀጥሎም የመጣው ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ሲታተም ፊደሉ በብረት መቀረጽ ነበረበት። በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋም ፊደል በጋዜጣ ዓምድ ላይ ይበልጥ ተስፋፋ። የጽሕፈት መኪና ሲመጣም ፊደሉ ቅርጹን እያሳጠረ ለመኪናው ተመቻቸ። በየጊዜው «ፊደል ተበላሸ» ያለ ሰው አልጠፋም። ፊደል ግን አልሞተም፤ የሚሞተው አዲስ ሥራ ሲሰጠው እምቢ ቢል ነበር።

ደግሞስ ጂኦሜትሪው ከውጭ የሚጫን ነገር ነው ወይ? ዐን ማየት ነው፤ ክብ ነው። ወና መ ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት ክቦች ናቸው። ሀ የተገለበጠ ቅስት ነው። ተ መስቀል ነው። ክብና መስመር ላቲን ከሚያውቀው ባልተናነሰ ፊደል ያውቀዋል።

የብሩሽ ሠዓሊዎችም ይህን ያውቁ ነበር። ፕላስቲክ ባነር ከመምጣቱ በፊት የሱቁን ግንባር፣ የመኪናውን ጎን፣ የትምህርት ቤቱን አጥር የሚጽፈው ሰው ጠፍጣፋ ብሩሹን ይዞ ነበር የሚወጣው። የብሩሹ ስፋት የፊደሉ ውፍረት ነው። የሸን አናት እንዳይደፈን አስቦ ገላውን ዝቅ ያደርገዋል፣ የቴን ቀለበት ለማስፋት እግሩን ከፈት ያደርገዋል። ማንም ስለ ፉቱራ አልነገረውም። ወፍራም፣ ጥርት ያለ፣ ከሩቅ የሚነበብ ፊደል በእጁ ይሠራ ነበር። ባነር ማተሚያው ሲመጣ ሠዓሊው ሥራውን ሲያጣ እውቀቱም አብሮ ወጣ። በቦታው የቀረው የኮምፒውተሩ እብጠት ነው።

▪️ «ከዚህ የባሰ ችግር አለ» ለሚሉት

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። «መንገዱ ተበላሽቷል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ሰው ደግሞ ስለ ፊደል ውፍረት ያወራል» ይባላል። መልሱ አጭር ነው። መንገድ ለመሥራት በጀት ያስፈልጋል። ታፔላውን ግን መሥሪያ ቤቱ ያው ያሠራዋል፤ ብረቱን ይገዛል፣ ህትመቱን ይከፍላል፣ ተካዩን ይከፍላል። በትክክለኛ ፊደል ማሠራትና በተበላሸ ፊደል ማሠራት የብር ልዩነት የላቸውም። ልዩነቱ የአንድ ሰዓት ሐሳብ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን ያፈሰሰው አይለቅምም፤ ታፔላው ዝገት እስኪበላው ድረስ አሥር ዓመት ቆሞ ያንኑ ስህተት ያስተምራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ፎንት የለማ!» የሚለው ነው። ይህ ድሮ እውነት ነበር። ፊደል የዩኒኮድ አባል የሆነው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት አንዱ ኮምፒውተር የጻፈውን ሌላው አያነብም ነበር። ዛሬ ግን ጎግል ያሠራው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ ይገኛል። ከቀጭኑ እስከ በጣም ወፍራሙ በየደረጃው የተነደፈ ነው፤ ያበጠ አይደለም። የፈለገ ሰው ያወርደዋል፣ ይጠቀምበታል፣ ለንግድም ቢሆን ማንም አይከለክለውም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። ወርቁ ስልኩ ውስጥ እያለ ባነር ቤቱ ኒያላን ያሳብጣል።

ይህ ማለት ግን ሥራው አልቋል ማለት አይደለም። ኖቶ ለሁሉም ቋንቋ እንዲያገለግልና በስክሪን ላይ እንዲነበብ ታስቦ የተሠራ ጨዋ ፊደል ነው። ለአደባባይ ታስቦ፣ ለጉምና ለሩቅ ዓይን ተነድፎ፣ ጂኦሜትሪውን ከራሱ ከዐና ከወ የሚያወጣ ደፋር ፊደል ያስፈልጋል። በየዓመቱ በግራፊክ ዲዛይንና በኮምፒውተር የሚመረቁ ወጣቶች አሉ። ብዙዎቹ ሎጎ ሲሠሩ የላቲኑን ፊደል በጥንቃቄ ይመርጣሉ፤ አማርኛውን በመጨረሻ ደቂቃ ከሥሩ ይለጥፋሉ። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ፊደሉ ይነደፍ፤ ላቲኑ ከእሱ ጋር ይስማማ።

▪️ ጥሩ ደማቅ ፊደል ምን ምን ይጠየቃል?

አንደኛ፣ የአናት ምልክቶች ነጻነት። የሸ፣ የቸ፣ የኘ፣ የዠ ምልክት ከገላው ጋር የሚገናኝበት ቦታ መቅጠን፣ በዙሪያው ያለው ነጭ መስፋት አለበት። ሌላው ሁሉ ቢያምር ሸና ሰ ካልተለዩ ያ ፊደል ወድቋል።

ሁለተኛ፣ የቀለበት ሆድ። የቴ፣ የቤ፣ የጌ ቀለበት ከተለመደው ሰፋ ብሎ መነደፍ አለበት። መጠኑን የሚወስነው ውበቱ ሳይሆን ቀለም ሲፈስበት፣ ጭቃ ሲረጭበት፣ ፀሐይ ሲያደበዝዘው የሚተርፈው ነጭ ነው።

ሦስተኛ፣ ስፋት። ጨ፣ ጠ፣ ሿ፣ ጯ ብዙ እግርና ብዙ ምልክት የተሸከሙ ናቸው። እንደ ነና እንደ ገ ቀጭን ቦታ ውስጥ ማጎር ማፈን ነው። ወፍራም ሲሆኑ ቦታ ይጨመርላቸው።

አራተኛ፣ ከላቲን ጋር ያለ ሚዛን። ብዙ ታፔላ ላይ ሁለቱ በተመሳሳይ ቁጥር ይጻፋሉ፤ ሁለቱም ባለ መቶ፣ ሁለቱም ባለ ሁለት መቶ። ቁጥሩ እኩል ቢሆንም የሚታየው መጠን እኩል አይደለም። ፊደል አናትም እግርም ስላለው በዚያው ቁጥር ገላው ሊያንስ ይችላል። በዓይን መለካት ነው እንጂ በቁጥር አይሆንም።

አምስተኛ፣ መተንፈሻ። በወፍራም ፊደል መካከል ያለው ክፍተት ከጠበበ ቃሉ አንድ ጥቁር ግንድ ይሆናል።

መፈተኛው ማንም የሚችለው ነው። ዲዛይኑን ስልክ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል ማሳነስ፣ ከዚያ «ሸኮ፣ ቴፒ፣ ቤንች» ብሎ ማንበብ። ካልተነበበ ወደ ማተሚያ አይሄድም።

▪️ የት ይዋል? የትስ አይዋል?

ደፋርና ወፍራም ፊደል የጩኸት ፊደል ነው። ጩኸት ደግሞ አጭር ሲሆን ነው የሚሰማው። የከተማ መግቢያ ስም፣ የጤና ጣቢያ ታፔላ፣ የአደጋ ማስጠንቀቂያ፣ የመኪና መስመር ጽሑፍ፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የጋዜጣ ዋና ርዕስ፤ ሁለት ቃል፣ ሦስት ቃል፣ ቢበዛ አምስት። ለዚህ ከእሱ የተሻለ የለም።

ረዥም ጽሑፍ ላይ ግን ጠላት ነው። አሥር መስመር የሚሆን የጨረታ ማስታወቂያ ሁሉም በወፍራም ሲጻፍ ምንም አልጎላም፤ ሁሉም የሚጮህበት ገበያ ውስጥ ማንም አይሰማም። መጽሐፍ፣ ውል፣ የሐዘን መግለጫ፣ የጸሎት መጽሐፍ የብዕሩን ለዛ የያዘው ፊደል ይጻፍባቸው። የብራናው ወዳጆች እዚህ ላይ ትክክል ናቸው፤ መስማማት ይገባል።

ለደቡብ ምዕራቡ ግን ከሁሉ የሚቀርበው ቦታ ጆንያ ነው። ወደ ውጭ የሚላከው ቡና የሚታሸገው በ60 ኪሎ የጁት ጆንያ ነው። ጁት ሸካራ ነው፤ ቀጭን መስመር በክሩ መሃል ይጠፋል። ስለዚህ ጆንያ ላይ የሚጻፈው ወፍራምና ቀላል ቅርጽ ያለው ፊደል መሆን አለበት፤ ብዙ ጊዜም ተቆርጦ በወጣ ሰሌዳ ላይ ቀለም በመቀባት ይታተማል። ላቲን ለዚህ የተዘጋጀ ፊደል አለው። ለፊደል ግን ችግር ይፈጠራል፤ የወ፣ የመ፣ የዐ፣ የቀ ክብ ከሰሌዳው ላይ ሲቆረጥ መሃሉ ወድቆ ይቀራል። መሃሉን የሚይዝ ድልድይ ያስፈልጋል፤ ድልድዩ የት እንደሚቀመጥ ደግሞ አስቦ የሚነድፍ ሰው ይፈልጋል። የበበቃ ቡና ስሙን በፊደል ጆንያው ላይ ልጻፍ ቢል የቃን ክብ የሚሸከምለት ድልድይ መጀመሪያ መነደፍ አለበት።

«ገዢው ፈረንጅ ነው፣ አማርኛ ምን ያደርግለታል?» የሚል ይኖራል። ገዢው ፈረንጅ የጃፓንን ሻይና የአረብን ተምር በራሳቸው ጽሕፈት ሲያይ ዋጋው አይወርድበትም፤ ከየት እንደመጣ ይመሰክርለታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌን ስም በንግድ ምልክትነት አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ስትሟገት፣ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ስትደርስ፣ የተረዳችው ነገር ስም ራሱ ሀብት መሆኑን ነው። ከሦስቱ ስሞች መካከል የደቡብ ምዕራቡ አልነበረበትም። የጌሻ ነገር ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። በ1930ዎቹ ከዚያው ምድር ደን የተወሰደው የቡና ዘር ፓናማ ደርሶ በውድ ዋጋ ዓለምን ሲያስደምም ስሙ በላቲን «ጌይሻ» ተብሎ ተበላሽቶ ነበር፤ ከጃፓን ሴት አርቲስቶች መጠሪያ ጋር እስኪደባለቅ ድረስ። ጌሻ በፊደል ሁለት ቀለም ነው፤ ጌ እና ሻ። በፊደል ጥርት ብሎ ጆንያው ላይ ቢጻፍ ስሙ ከየት እንደመጣ ማንም አይጠይቅም ነበር።

▪️ የቤንች አራት ቀለማት

መጨረሻ ላይ የሚያመው ነገር አለ። ቤንችም ሸኮም ምላስን ወደ ላንቃ አጥፈው የሚጠሯቸው፣ አማርኛ የሌሉት ድምፆች አሏቸው። ለቤንች ድምፆች ፊደል ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ አዲስ ኪዳንም በቤንች ቋንቋ የታተመው በፊደል ነበር። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2005 እነዚህን ቀለማት ተቀብሎ ቦታ ሰጣቸው። እነሆ፦ ⶠ፣ ⶨ፣ ⶰ፣ ⶸ። አንባቢ ሆይ፣ ስልክህ ላይ ባዶ ሳጥን ካየህ ክርክሩ ገብቶሃል ማለት ነው። በ2008 የቤንች ቋንቋ በላቲን እንዲጻፍ ተወሰነ።

ያ ውሳኔ በፎንት እጦት የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ የቋንቋው ባለቤቶች የራሳቸው ምክንያትና መብት አላቸው። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ጽሕፈቱን ሲመርጥ በአንዱ በኩል በሁሉም ውፍረት የተነደፈ፣ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፊደል፣ በሌላው በኩል ባዶ ሳጥን ቢቀርብለት ምርጫው በእኩል ሜዳ የተደረገ አይባልም። «ፊደል የሁሉም ኢትዮጵያዊ ቅርስ ነው» እያለ በየመድረኩ የሚያውጅ ሰው ለእነዚህ አራት ቀለማት ደማቅ ዝርያ ነድፎ ያውቃል? ቅርስ የሚሆነው ሲያገለግል ነው። ለአማርኛ ብቻ ተነድፎ የሚያቆም ፎንት የደቡብ ምዕራቡን ፊደል ነድፌአለሁ ሊል አይገባውም።

▪️ ምን ይደረግ?

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ታፔላ ሁሉ ተለወጠ፤ ማህተም፣ ደብዳቤ ራስጌ፣ የበር ጽሑፍ። ያ ጊዜ አንድ ክልል ፊቱን ከባዶ የሚነድፍበት ዕድል ነበር። ዕድሉ ግን ገና አላለፈም፤ ታፔላ ይዝጋል፣ ባነር ይቀደዳል፣ አዲስ ይሠራል።

ቀጣዩ ሲሠራ የሚጠየቀው ጥቂት ነው። የግዥ ክፍሉ የታፔላ ጨረታ ሲያወጣ የብረቱን ውፍረት እንደሚጽፈው ሁሉ የፊደሉን ስም ይጻፍ፤ «በኮምፒውተር ያበጠ ቦልድ አይፈቀድም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትጨመር። አማርኛውና የአካባቢው ቋንቋ ከእንግሊዝኛው አይነሱ። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ፍለጋ ሲጨነቁ አንድ ቡድን ለክልሉ ቋንቋዎች የሚሆን ደማቅ የአደባባይ ፊደል ይንደፍ፤ ሌላው በቡና ጆንያ ላይ የሚታተም ባለ ድልድይ ፊደል ይሞክር። የቀሩት የብሩሽ ሠዓሊዎችም ይጠሩ፤ ከሶፍትዌሩ የሚበልጥ እውቀት እጃቸው ላይ አለ።

ይህ ሁሉ የማይቻል ከሆነ ቢያንስ አንድ ነገር ይቻላል። ባነር ቤቱ ውስጥ ቆሞ «ጨርሻለሁ፣ ልተመው?» የሚለውን ልጅ ትንሽ ማስቆም። አሳንሰህ አሳየኝ ማለት። የሸን አናት ማየት፣ የቴን ቀለበት ማየት። ሸኮ ሸኮ ተብሎ ከተነበበ ይታተም። ሰኮ ከሆነ ግን ይመለስ፤ በዚያ ስም የሚጠራ አገር የለም።